የቁም ተዝካር፦ አያትን ስለ ማስታወስ

የተወደደ አረጋዊ ዘመድ፣ ይልቁንም ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን በጉያዋ ያሳደገች አያት፣ ከዚህ ዓለም በሞት ስትለይ በቤተ ዘመዱ ላይ ሁለት ነገር ይወድቃል፤ አንደኛው ኀዘን ሲሆን ሁለተኛው ቆይቶ የሚታወቅ ዕዳ ነው። ኀዘኑ ማንም ሳይጠራው ይመጣል፣ የሚገባውንም ሥርዓት ያገኛል፤ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ለቀስተኛውም ንፍሮ እየቀመሰ ያስተዛዝናል። ዕዳውን ግን ቆሞ የሚጠይቅ የለም፤ ተበዳሪው በሕይወት ሳለ አበዳሪዋ ከአፈር በታች ናትና። ይህ ዕዳ ሟቿ ማን እንደ ነበረች አውቆ የማቆየት ዕዳ ነው። የዚህ ሐተታ ዐሳብም ዕዳው በፍቅር ብቻ እንደማይከፈል፣ ሥራን፣ ምስክርንና እውነትን እንደሚጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቷ በሕይወት ሳለች መጀመር እንዳለበት ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ማስታወስን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነው፤ ቡና ሲቆላ፣ ጥቁር አዝሙድ ሲሸት፣ ወይም በመንገድ የምታልፍ አሮጊት ነጠላዋን እንደ እርሷ አድርጋ ስትከናነብ የሚቀሰቀሰው ሁሉ የዚህ ወገን ነው። ይህ ትዝታ የቱንም ያህል ቢበረታ የሚኖረው በአንድ ሰው ውስጥ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጅ የአያቱን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው ይዞት ቢኖርም ያንን ድምፅ ለልጁ ሊያወርሰው አይችልም፣ እርሱ በሞተ ዕለት ድምፁም አብሮት ይቀበራል። ሁለተኛው ሰዎች አስበውበት፣ ቀን ቆርጠው፣ ተሰብስበው የሚያደርጉት ማስታወስ ነው፤ ይኸኛው እንባ ባይኖረውም ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ይችላል። ብዙ ሰው የፊተኛው ስላለው የኋለኛው የሚያስፈልገው አይመስለውም፤ «እርሷንማ ማን ይረሳታል» ሲልም ስለ ራሱ የተናገረው እውነት ነው። የሚረሷት ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ናቸው።

የኢትዮጵያ ልማድ ይህን ሁለተኛውን ማስታወስ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሟች ፍትሐት ይደረጋል፤ ፍትሐት ማለት ነፍስ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ የሚቀርብ ጸሎት ነው። ከዚያም ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱና ሰባት ዓመቱ በየተራ ይታሰባሉ፤ ከእነዚህም በተለይ በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ ካህናት፣ ድኾችና ቤተ ዘመድ ተጠርተው የሚመገቡበት ድግስ ተዝካር ይባላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሟቿ የምትጠራው በክርስትና ስሟ ነው፤ ጎረቤት በሌላ ስም ቢያውቃትም ካህኑ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ብሎ ያስባታል። ጸሎቱ ምን ትወድ እንደ ነበር፣ በምንስ ትቆጣ እንደ ነበር አይጠይቅም፤ የሚቀርበው ከፈጠራት ዘንድ ስለ ሆነ ስለ ማንነቷ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። እርሷን ለሰው የማስታወስ ሥራ የሚፈጸመው ከጸሎቱ በኋላ በዳሱ ውስጥ ነበር፤ ጠላው እየተቀዳ ሳለ በልጅነቷ የሚያውቋት፣ በሙሽርነቷ የሚያውቋትና በእርጅናዋ ብቻ የደረሱባት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥላል፣ ሦስተኛው ያርማል፣ የልጅ ልጆችም ሳህን እያነሡ ይሰማሉ። ተዝካር የሙት ልጆችን ጥሪት ይጨርሳል፣ ድኻውን በብድር ይዘፍቃል የሚለው የቆየ ወቀሳ ትክክል ነው፤ ብዙ ቤት ተጎድቶበታል። ነገር ግን ወጪው ሲቀነስ ያ መገናኘትም አብሮ እንደ ተቀነሰ ልብ ያለው ጥቂት ነው፤ ሊተካ የሚገባውም እርሱ ነበር።

ነፍስ አንድ የማስታወሻ ምክንያት ከሆነች መሬት ሌላው ነበር። ርስት በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አንድ ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን አስረድቶ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል፣ ከመሬቱ ድርሻውን የሚጠይቅበት መብት ነበር። ይህን መብት ለማስከበር ትውልድ መቁጠር ግድ ነበር፤ በዳኛ ፊት ቆሞ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እያለ እስከ አቅኚው ድረስ መውጣት ያልቻለ ሰው በሙግቱ ይሸነፍ ነበር። ጋብቻም ሰባት ቤት መቁጠርን ስለሚጠይቅ ዘር ቆጠራ የሚያውቁ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በሰርግም በሙግትም ተፈላጊ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ይህ ሁሉ ሙግት አበቃ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አያትን ማስታወስ አንድ ጥማድ መሬት እንኳ አያስገኝም። ነገሩ እንደ ኪሳራ ብቻ ሊቆጠር አይገባውም። የርስት ቆጠራ ያቆየው ስምን ነው፤ አንዲት ቅድመ አያት በቆጠራው ውስጥ የምትገኘው መብት የሚያልፍባት መሸጋገሪያ ሆና ነው፤ ደግ ትሁን ክፉ፣ ዝምተኛ ትሁን ተጨዋች ሙግቱን አይጠቅመውም ነበር። የዛሬው ሰው ግን አያቱን የሚያስታውሰው ስለ ወደዳት ብቻ ነው። ከጥቅም የነጻ ማስታወስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዋን ራሷን ለማየት ዕድል ይሰጣል፤ የሚያስገድደው ሙግት ስለሌለ ግን ዛሬ ነገ ሲባል በቀላሉ ይጠፋል፤ እየሆነ ያለውም ይኸው ነው።

ሙሾ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ሙሾ በለቅሶ ላይ የሚወርድ፣ ቤት የሚመታ አጭር ግጥም ነው፤ የምታወርደው አልቃሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ስትሆን ሟቹን በማታውቀው ጊዜ እንኳ ሥራውንና ጠባዩን ከቤተ ዘመድ ጠይቃ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ስንኝ ትቋጥራለች። ለሁሉም የሚሆን ሙሾ መናኛ ሙሾ ነው፤ ለቀስተኛውም ያውቅበታል፣ እንባውም ይደርቃል። ስለዚህ የአልቃሿ ሙያ ከሟቹ ሕይወት ሌላ ሰው ዘንድ የማይገኘውን አንድ ነገር ፈልጎ ማውጣት ነበር፤ ለእንግዳ የማይዘጋ በር፣ ሲሟገት የማይሰበር አንደበት፣ ወይም ልጆቿን ሁሉ ቀብራ የቀረች እናት ጽናት። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትንና ከልክ ያለፈ ለቅሶን ስትከለክል በቂ ምክንያት አላት፤ ከለቅሶው ጋር ግጥሙም እየቀረ በመሄዱ ግን ለሰውዋ ልዩ መልክ ይሰጥ የነበረው ብቸኛው ጥበብ እየተዳከመ ነው። ሙሾ በቃል ብቻ የሚኖር በመሆኑ አብዛኛው ድንኳኑ ሲነቀል አብሮ ተነቅሏል።

በእርሱ ቦታ የተተካው በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ይህ ጽሑፍ ሟቿ ከአባቷ ከእገሌና ከእናቷ ከእገሊት በዚህ ጠቅላይ ግዛት፣ በዚህ አውራጃ፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት መወለዷን ይናገራል፤ ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ የተማረችበትን፣ የሠራችበትን መሥሪያ ቤት፣ ያገኘችውን ሹመት ይዘረዝራል፤ ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ ማረፏን፣ የስንት ልጆች እናትና የስንት ልጆች አያት እንደ ነበረች ገልጦ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበረች ብሎ ይደመድማል። የተዘጋጀው በአንድ ሌሊት፣ በደከመና ባዘነ እጅ ስለ ሆነ ጸሐፊውን መውቀስ አይገባም፤ መመርመር ያለበት ቅርጹ ነው። ቅርጹ የተቀዳው ከመሥሪያ ቤት ማኅደር ነው፤ ማኅደር ደግሞ የሚመዘግበው ቅጥርን፣ ዝውውርንና ጡረታን ነው። ስለዚህ የመምሪያ ኃላፊ የነበረ ሰው ሦስት ገጽ ሲነበብለት ዘጠኝ ልጅ ያሳደገችው ሚስቱ ሦስት መስመር ይነበብላታል፤ ከሦስቱም ሁለቱ ስለ ልጆቿ ናቸው።

የማኅደሩ ቅርጽ የተወለደችበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ይጠይቃል። በ1920ዎቹ በጎጃም፣ በወሎ ወይም በሸዋ ገጠር የተወለደች ሴት ግን ዕድሜዋን የምትቆጥረው በሌላ መንገድ ነው፤ እናቷ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ተርፋ እንዳገባች፣ እርሷ በማይጨው ዘመቻ ጊዜ ጡት እንዳልተወች፣ ጣልያን ሲወጣ ከብት ትጠብቅ እንደ ነበር ትናገራለች። ይህ አቆጣጠር ዕውቀት ነው፤ የአንዲት ልጅ ዕድሜ ከአገሩ መከራ ጋር እንዴት እንደ ተጋመደ ያሳያል። ልጆቿ ግን ቅጹ ቁጥር ስለሚፈልግ አንድ ዓመተ ምሕረት መርጠው ይጽፉላታል፤ በዚህም አንድ ያልተረጋገጠ ቁጥር አትርፈው የልጅነቷን ታሪክ ያጣሉ።

ሥራዋስ ምን ነበር? ሥራ ያልነበራት ተብላ የተጻፈች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ፈትላለች እንበል። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል፣ ፈትሉም በልቃቂት ይጠቀለላል፤ ለድር የሚሆነው ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ መክረር አለበት፣ ለማግ የሚሆነው ለስለስ ይላል፣ ይህንንም የሚለየው የጣቷ ቆዳ ነው። ከዚያ ሸማኔው ይቀበላታል። አራት ድርብ የሆነ አንድ ጋቢ የብዙ ወራት ማታ ማታ የተፈተለ ፈትል ይፈጃል፤ ልጇ ወደ ከተማ ሲሄድ ያለበሰችው፣ የልጅ ልጇ ዛሬ በብርድ የሚደርበው ጋቢ ከእነዚያ ማታዎች የተሠራ ነው። እንዲሁም ጌሾው ከአሻሮው ጋር በስንተኛው ቀን እንደሚጣጣም፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን ማንን አስቀድሞ ማናገር እንደሚገባ፣ የትኛዋ ልጅ ለየትኛው ቤት እንደማትሆን ታውቅ ነበር። ይህ ሁሉ ማመዛዘንን፣ ልምድንና ፍርድን የሚጠይቅ ዕውቀት ነው፤ የፍልስፍና ሰዎች ተግባራዊ ጥበብ ከሚሉት ነገር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ የሚገባውን አይቶ ከመወሰን ችሎታ፣ ምንም አይጎድለውም። አያትን ያለዚህ ዕውቀቷ የሚያስታውስ ሰው የሚያስታውሰው ደግነቷን ብቻ ነው፤ ደግነት ደግሞ የብዙ አያቶች የጋራ ሀብት ስለ ሆነ አንዷን ከሌላዋ አይለይም።

ስሟም ቢሆን ከወንድ አያት ስም ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል። በኢትዮጵያ የስም አወጣጥ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ መታወቂያውም ፓስፖርቱም እነዚህን ሦስቱን ይይዛል፣ ወደ ውጭ አገር በሄደም ጊዜ ብዙውን ጊዜ የወንድ አያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ለልጆቹ ይተላለፋል። የሴት አያቱ ስም በአንዱም ላይ የለም። ለስሟ የሚሟገትለት መዝገብ ስለሌለ ለእርሷ የሚደረገው ጥንቃቄ የበለጠ መሆን ይገባዋል።

ጥንቃቄው እንዴት ሊደረግ እንደሚችል የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ በአገሩ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ወለተ ጴጥሮስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ ባሏን ትታ የመነነች፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ የመናንያን ማኅበራት ያቋቋመች እናት ናት፤ ያረፈችው በ1635 ዓ.ም. ነው። ገድሏን፣ ማለትም የቅድስና ታሪኳን፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በግእዝ የጻፈው ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1665 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሠላሳ ዓመት ማለት ሟቿን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ራሳቸው እያረጁና እያለፉ ያሉበት ጊዜ ነው፤ መጽሐፉም ከእነርሱ አፍ የተሰበሰበ በመሆኑ ሕመሟን፣ መንገዷን፣ ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራትን ጽኑ ፍቅር፣ ከሰዎች ጋር የተጋጨችበትን ሁሉ ይዟል። ገድል ዓላማው ቅድስናን ማሳየት ስለ ሆነ ለአንድ ቤት አያት መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከእርሱ መወሰድ ያለበት አሠራሩ ነው፤ ማኅበሩ እናቴ የሚላትን ሴት አንድ ሰው ብቻውን እንደማያውቃት ተረድቶ፣ የሚያውቋትን ሁሉ ጠይቆ፣ በጽሑፍ አኖራት። በዚህ መንገድ የታሰበች ሴት ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ለአንባቢ እንደ ሕያው ሰው ትታያለች።

እውነትን በተመለከተ ሌላ ምሳሌ ያስፈልጋል። በሰሜን አፍሪካ የተወለደው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል እናቱን ሞኒካን ያስታውሳታል፤ እርሷ በ387 እ.ኤ.አ. በሮም ወደብ በኦስትያ ስታርፍ ሬሳዋ የትም ቢቀበር ግድ እንደሌላት፣ በመሠዊያው ፊት እንዲያስቧት ብቻ እንደምትለምን ለልጆቿ ነግራ ነበር። አውግስጢኖስ እናቱን እንደ ቅድስት ያከብራታል፤ ነገር ግን በልጅነቷ ከጋን ወይን እንድትቀዳ ስትላክ እየቀመሰች መጠጥ ለምዳ እንደ ነበር፣ አንዲት አገልጋይ በሰደበቻትም ጊዜ አፍራ እንደ ተወችው ይጽፋል። ይህ ነገር ክብሯን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከራሷ ጋር ታግላ ያሸነፈች ሴት መሆኗን አሳወቀ። በኢትዮጵያ የሞተ ሰው አይታማም የሚለው ወግ የሚከበርበት ምክንያት አለ፤ ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው ማጥቃት ነውር ነውና። ሐሜት ግን አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ከነድካሙ መውደድ ሌላ ነገር ነው። አያቱ ግልፍተኛ ነበረች፣ ለታላቁ ልጅዋ ታዳላ ነበር፣ ቂም ትይዝ ነበር ብሎ በፍቅር የሚናገር የልጅ ልጅ፣ ስህተት አይታይባትም ነበር ከሚለው ይልቅ አያቱን ያውቃታል። እንከን የለሽ ተደርጋ የምትታሰብ አያት ለማንም አያት አትሆንም።

እርግጥ እውነትም ወሰን አለው። ያለ ፈቃዷ በልጅነቷ የተዳረች፣ የተጠለፈች፣ ወይም በጦርነት ጊዜ የደረሰባትን ለማንም ያልተነፈሰች ሴት ዝምታዋ የራሷ ነው፤ የልጅ ልጅ የማወቅ ጉጉት ያንን ዝምታ ሰብሮ የመግባት መብት አይሰጠውም። ልትናገረው የፈለገችውን ሳይጠይቋት መቅረት ግን ዝምታዋን ማክበር አይባልም፤ ብዙ አሮጊት ሳትናገር ያለፈችው የሚጠይቃት ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው፣ ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላ ሁሉም ይረሳ የለም ወይ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ይህ ነው፦ ማስታወስ ለዘለዓለም ስለማይዘልቅ ከንቱ ነው የሚል ሰው፣ ሕይወትም ለዘለዓለም ስለማትዘልቅ ከንቱ ናት ማለት ይኖርበታል። ሟቿን የሚያውቋት ሰዎች ዕዳ እስከ ዓለም ፍጻሜ አይደርስም፤ እስከሚቀጥሉት ሁለት ትውልዶች ይደርሳል፣ ያም በቂ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ሁለት ትውልድ መድረስም ከባድ ሆኗል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚያድግ ልጅ አያቱን የሚያውቃት በስልክ መስታወት ላይ ነው፤ በእስራኤል ካሉት ቤተ እስራኤላውያን መካከል የልጅ ልጁ በዕብራይስጥ ሲያስብ አያቲቱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ትመርቀዋለች፤ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ወጣት የአያቷን መርዶ በስልክ ሰምታ ለቀብር መድረስ ሳትችል እንባዋን ውጣ ሥራዋን ትቀጥላለች፣ ለአርባው ገንዘብ ትልካለች። እነዚህ ሰዎች በዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ከሽማግሌዎች አፍ የሚሰሙበት ዕድል የላቸውም፤ አንድ ሰው በጽሑፍ ወይም በድምፅ ካላኖረላቸው በቀር አያታቸው ለልጆቻቸው ፎቶግራፍ ብቻ ሆና ትቀራለች።

በልማዱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድ የቆየ ነገር አለ። ወራሽ የሌለው ወይም ወራሾቹን ያልተማመነ ሰው በሕይወቱ ሳለ ራሱ ደግሶ፣ ካህናትንና ድኾችን ጠርቶ የሚያወጣው ተዝካር የቁም ተዝካር ይባላል። ዓላማው ስለ ነፍስ ቢሆንም በውስጡ ያለው ዐሳብ ለማስታወስ ሁሉ ይሠራል፤ ከሞት በኋላ ሊደረግ የታሰበው ሁሉ ባለቤቱ እያየና እየሰማ ሊደረግ ይችላል። ስለ አያት ሕይወት ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር አያት ራሷ ናት፤ ይህች ምስክር በቀብሯ ሌሊት አትገኝም።

አያቱ በሕይወት ያለችለት አንባቢ እንግዲህ በሚመጣው በዓል አጠገቧ ይቀመጥ፤ ሩቅ ከሆነም ይደውልላት። ስሟን ማን እንዳወጣላት፣ መፍተልን ማን እንዳስተማራት፣ በሠርጓ ዕለት ምን እንደ ፈራች፣ የቀበረቻቸው ልጆች ስማቸው ማን እንደ ነበር፣ እናቷ ምን ትመስል እንደ ነበር ይጠይቃት፤ ልትመልስ ያልፈለገችውን ይለፈው። ፈቃዷን ጠይቆ ድምፅዋን በስልኩ ይቅረጽ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፍበት፣ ቅጂውንም ቢያንስ ለሁለት ዘመዶች ይስጥ። የታናሽ እኅቷንና የልጅነት ጎረቤቷንም ሳይዘገይ ይጠይቅ፤ እነርሱም አርጅተዋል።